ከል ነው፤ አይቀለምም

ለእታለም ደሳለች ይርጋ፣
ጂንካ።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ነበርና ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? የሆስፒታሉ ተረኝነትስ ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? ሙሉሰው እንዴት ነው? ስኳሩን ይለካል ወይስ እንደ ወንድ ልማድ «ምንም አልሆንኩም» እያለ ያሾፍብሻል? ጽጌስ? የፊት ጥርሷ በቀለ? ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ሁለቱ አልነበሩምና ደጋግሜ እያየሁ ስስቅ ነበር። በረንዳሽ ላይ የተከልሽው ጌሾ ያንን ሙቀት ችሎ ጸደቀልሽ ወይ?

አባታችን ነፍሳቸውን ይማረውና ደብዳቤ ሲጽፉ «ከናፍቆታችሁ በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ብለው ነበር የሚጀምሩት። እኔ ግን ናፍቆቱን እንደዚያ በጎን ማሳለፍ አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ገልብጬ ልበልሽ፤ ናፍቀሽናል፣ ከዚያ በቀር ደህና ነን። ገብሱም ድንቹም ዘንድሮ ክፉ አይደለም። የጉና ብርድ ግን ጾሙ ከገባም አልለቀቀንም፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ እስኪፈታ ድረስ ኮምፒውተሩን መንካት አልችልም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም ይህን ሁሉ ነገር በተቆራረጠ ድምፅ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ደግሞም ከጽሑፉ ጋር አብሮ መድረስ ያለበት ዕቃ አለ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የጂንካ ልጅ ጎረቤት አለን፤ ወላጆቹን ሊጠይቅ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ስለሚሄድ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። በፖስታው ውስጥ ሦስት ፎቶና አንድ ሌላ ነገር አለ። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳታዪአቸው። ይህን ስጽፍ ግን እየሳቅሁ ነው፤ አውቅሻለሁ፣ እስካሁን አይተሻቸዋል።

በመጀመሪያ የደበቅንሽን ነገር ልናዘዝ። እናታችን ከሏን አላወለቀችም። አዎ፣ አባታችን ያረፉት በ2015 በቡሄ ማግስት ነው፤ ይኸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፤ እሷ እስከ ዛሬ ጥቁር እንደለበሰች ናት። የሙት ዓመቱ ዕለት አክስታችን ማሬ ከሐሙሲት ገበያ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ይዛ፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ፣ ወጉ እንደሚያዝዘው ከሏን ልታወልቅላት መጥታ ነበር። እናታችን ሁሉንም አብልታ አጠጥታ መረቀቻቸው፤ ቀሚሱን ግን አጣጥፋ መለሰችው። «ከሌን የምታወልቅልኝ በኩሬ ናት፤ ደሳለች ስትመጣ» አለች። የንስሐ አባቷም መጥተው መከሯት። «እሺ አባቴ» አለች፤ እንደ ለበሰች ቀረች።

አንቺ እንዳትሰሚ ደግሞ ሁላችንንም አስማለችን። በቪዲዮ ስትደውዪ ነጭ ነጠላዋን እስከ አገጯ የምትከናነበው ለዚህ ነበር። «ዛሬ ብርዱ ከጉና ወርዷል» ትልሽ የለ? በግንቦት እንኳ ብርዱን ከጉና ታወርደው ነበር። ስልኩን ከፊቷ እንዳይወርድ አድርጌ የምይዘውም እኔው ነበርኩ። ይቅር በይኝ።

ለምን አሁን ነገርከኝ ትዪኝ ይሆናል። እንዴት እንደሆነ ከሥራዬ ልጀምርልሽ።

ፎቶ ቤቱን ታውቂዋለሽ። ባለቤቱ ጋሽ ጥላዬ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ካሜራውንም ኮምፒውተሩንም ለእኔ ለቀውልኛል። እሳቸው ረፋዱ ላይ ይመጡና በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ደንበኛ ይመርቃሉ። ካለፈው መስከረም ወዲህ የጥንት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችን ቀለም መስጠት ጀምረናል። ኮምፒውተሩ ላይ የጫንኩት ፕሮግራም ፎቶውን አይቶ በራሱ ግምት ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሣሩን አረንጓዴ ያደርጋል። ልብስ ግን አያውቅም። ሰውም አያውቅም፤ ቀዩንም ጠይሙንም ጥቁሩንም አንድ ሻይ በወተት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን በእጄ የማርመው እኔ ነኝ።

አገሩ ሁሉ ሳጥኑን ገልብጦ መጣ ብልሽ አላጋነንኩም። የሠርግ፣ የቅስና፣ የጥምቀት፣ ጫፉ ምስጥ የበላው፣ ለሁለት ተቀዶ በሙጫ የተያያዘ፣ ምን ያልመጣ አለ። አንዲት አሮጊት ወይዘሮ የሟች ባላቸውን ፎቶ ቀለም ሰጥቼ ባሳያቸው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩትና «ይኸ ሰውዬ እንዲህ መልከ መልካም መሆኑን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ያን ያህል ባልተጨቃጨቅን» አሉ። የመጣው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር።

በሥራው መጀመሪያ ላይ አንድ ጉድ ደርሶብኛል። አባ ቢሆነኝ የሚባሉ የጉና ገበሬ፣ አባታቸው ከአንድ በሬ አጠገብ የቆሙበትን ፎቶ በበቅሎ ኮርቻ ከረጢት ይዘው መጡ። እኔም አሳምሬ፣ በሬውን ቀይ አድርጌ፣ በፍሬም ሰጠኋቸው። አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ «ይኸ የማን በሬ ነው?» አሉኝ። የአባትዎ ነዋ ብላቸው «አባቴስ አባቴ ናቸው። የእኛ በሬ ዳልቻ ነበር። ይኸ ቀይ በሬ የጎረቤታችን ነው። አባቴን በስተርጅና የሰው በሬ አስነዳሃቸው እኮ!» ብለው ተቆጡ። በሬውን ዳልቻ አድርጌ እስክመልስላቸው ከበሩ አልተነሡም። ሲያዩት ግን በሬውን በስሙ ጠሩት፤ ከዚያ ነው አባታቸውን ያለቀሱት።

ያን ዕለት አንቺን አስታወስኩ። ልጅ ሆኜ፣ ግድግዳችን ላይ የነበረውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ፈረሱን በቅጠል አሽቼ አረንጓዴ ያደረግሁት ጊዜ ትዝ ይልሻል? አባታችን አለንጋ ይዘው ሲመጡ «እኔ ነኝ» ብለሽ የተገረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ከበሩ ኋላ ሆኜ እየቆጠርኩ ነበር። ከአባ ቢሆነኝ በኋላ «ሳልጠይቅ ቀለም አልሰጥም» ብዬ ማልኩ። መማሉስ ቀላል ነው። መሐላውን መጀመሪያ ያፈረስኩት በገዛ እናቴ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘንድሮው ጥምቀት ሰው ሁሉ ነጩን ለብሶ ታቦት ሲሸኝ እናታችን ደጃፍ ላይ ቆማ በሩቁ ተሳልማ ገባች። የሰፈር ሴቶች «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያሉ ሲያልፉ ሰምታ «የእኔስ ይበጣጠስ» አለች፤ በቀልድ ነው ያለችው። እኔን ግን አንጀቴን በላኝ። በዚያው ሳምንት የጋሽ ጥላዬን አሮጌ ሣጥን ስደረድር፣ ባለቤት ያልመጣላቸው ፎቶዎች ካሉበት እሽግ ውስጥ አንዲት ልጅ አየሁ። በመጀመሪያ ያየሁት አንቺን ነው እታለም። የዓይንሽ አቀማመጥ፣ ያ ሊቆጣ ያለ የሚመስለው ከንፈርሽ፣ ምኑም አልቀረ። ፎቶው ግን አንቺ ሳትወለጂ የተነሣ ነው። ጀርባውን ስገለብጠው «ፈንታነሽና ወንድሟ፣ የካቲት 1969» ይላል።

እናታችን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ! ከጎኗ የቆመው ደግሞ አጎታችን አንዱአምላክ ነው፤ ዘምቶ ሳይመለስ የቀረው፣ ስሙን እንጂ መልኩን አይተነው የማናውቀው። እሷ ተቀምጣለች፣ እሱ እጁን ከወንበሯ መደገፊያ ላይ አሳርፏል። ቀሚሷ ጨለም ያለ፣ ጥልፍ የሌለው ነው። እኔም ላስደስታት ብዬ ለማንም ሳልናገር በሩን ዘግቼ ሠራሁት። ቀሚሱን የጠራ ሰማይ አስመሰልኩት። ፎቶው ላይ ያልነበረ ጥልፍ እንኳ ወርቃማ አድርጌ ጨመርኩላት። የአጎታችንን ሸሚዝ ነጭ አደረግሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮርቼ ነበር። ከዚያ ከከሏ ትንሽ ልቧ ቢወጣ ብዬ ነው፤ ክፋት አልነበረኝም።

ለጾሙ ቅበላ ዕለት፣ ሁላችንም ከምሳ በኋላ ቁጭ ባልንበት ሰጠኋት። ወረቀቱን ፈታችው። «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ። አንቺ ነሽ አልኳት። «እኔ አይደለሁም» አለች። ከዚያ ጣቷን በቀሚሱ ላይ አደረገችና «ያን ቀን ከል ላይ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ገና ሰባት ወሯ ነበር። በእናቴ ሐዘን ሰማያዊ አለበስከኝ?» ብላ ፎቶውን በፊቱ ደፋችው። ባለቤቴ ትእዛዝ አየችኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። ልጄ መስከረም ብቻ ነበረች «አያ ምን አጠፋ?» እያለች ስለ እኔ ሁላችንንም የምትጠይቅ።

በማግስቱ ሥራ ልሄድ ስወጣ ፎቶው ከመደቡ ራስጌ ቆሞ አየሁት። ደስ ብሎኝ ቀረብ ብል፣ በእሷ በኩል ያለውን ጎን በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች። የሚታየው አጎታችን ብቻ ነው። ወንድሟን ካየችው አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነውና እሱን ልትደብቀው አልቻለችም፤ ራሷን ግን በእኔ ሰማያዊ ልታይ አልፈለገችም። እታለም፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት በምን ልንገርሽ። የዚያን ጊዜው ግርፋት ለእኔ ቢደርሰኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አክስታችን ማሬ ሄጄ ምን እንዳጠፋሁ ጠየቅኋት። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበረች ሁሉንም ታስታውሳለች። አያታችን ያረፉት በክረምት ነው። በየካቲት አንዱአምላክ ሊዘምት ሆነ። ከመሄዱ በፊት እናታችንን በግድ ይዟት ደብረ ታቦር ወጣ። እሷ «ከል የለበሰ ሰው ፎቶ አይነሣም» ብትለው «ኋላ መልክሽ ቢጠፋኝስ?» አላት። ሲሰነባበቱም «ከልሽን የማወልቅልሽ እኔ ነኝ፤ ጨርቁን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ማንም እንዳይነካብኝ» ብሏት ሄደ። ሙት ዓመቱ አለፈ። ሁለተኛው ዓመትም አለፈ። ደብዳቤው ተቋረጠ። በዚህ መሃል የአባታችን ሽማግሎች መጡ። ሙሽራ በከል አትዳርምና አክስቶቿ ይዘው እያለቀሰች አወለቁላት። ተዳረች፤ አንቺም ተወለድሽ፣ እኔም ተከተልኩ። አንዱአምላክ ግን አልመጣም። መርዶም አልመጣ። ማሬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንዲያው በአረም ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሳለ፣ እናታችን «ከሌን ሳይመጣ ባላወልቅ ኖሮ ይመጣ ነበር» ስትል ሰምታታለች። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብሎ ሰው ይከራከረዋል?

አሁን ገባሽ እታለም? አንቺ ለአባታችን ቀብር ስላልደረስሽ የተቀየመችሽ ይመስልሻል። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መርዶውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሰማሽ እሷ ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች። በደወልሽ ቁጥር «መንገዱ አያምርም፣ እንዳትመጪ» የምትልሽም ስለማትፈልግሽ አይደለም። ስትፈራልሽ ነው። እየጠበቀችሽ ነው። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሳይመጣ ከሏን አውልቃ የሆነውን አይታለች፤ ሁለተኛ አላወልቅም ብላ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ በፎቶ ላይ ደገምኩባት።

በዚያው ቀን ለጋሽ ጥላዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ፀሐያቸውን ትተው ተነሡና ከቁም ሣጥኑ ሥር ያለውን ሰማያዊ መዝገብ አምጣ አሉኝ። እኔ ያን መዝገብ የኪራይ ወይም የዱቤ ይመስለኝ ነበር። ለካ የቀለም ነው! እሳቸው በወጣትነታቸው ጥቁርና ነጩን ፎቶ ካጠቡ በኋላ፣ ጥጥ በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ ቀሚሱን በቀለም ያቀልሙ ነበር። ቀለሙ ከፎቶው ላይ ስለማይታይ፣ ሰውየው ፊታቸው ቆሞ ሳለ የሁሉንም ይጽፋሉ። ሻሽ ቀይ። ሹራብ ቡና ዓይነት። ማተብ ጥቁርና ሰማያዊ የተገመደ። የእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ «ተወስዷል» ይላል። እሳቸው አሁን ማንበብ ስለማይችሉ እኔ እያነበብኩ እሳቸው «ወደፊት፣ ወደፊት፣ ከጾሙ በፊት ያለው ሰሞን ነው» እያሉ መሩኝ። እዚያ ደረስን። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ፈንታነሽና ወንድሟ። እሷ ከል ናት፤ ከል ነው፤ አይቀለምም። የእሱ ሸሚዝ ካኪ፣ ማተቡ ጥቁር። አንዱን ኮፒ እንዳለ ወስዷል። ሁለተኛው፦ ከሏን ስታወጣ ቀሚሷ አረንጓዴ ይሁን ብሏል፤ የክረምት ሣር ሳይሆን የገብስ ቡቃያ ዓይነት። ሲመለስ ይወስዳል።»

«ተወስዷል» የሚል የለውም። ለምን አላቀለሙትም ብዬ ብጠይቃቸው «ልጁ ሳይመጣ ማቅለም ሟርት መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ ሳይመጣ መጣል አልሆነልኝ። በኋላ እኔም ረሳሁት፣ ልጄ» አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሞራው ነው አሉ፤ እኔም ሞራው ነው ብዬ ተውኳቸው።

ሁለት ቀን ሠራሁ። በመጀመሪያው ፎቶ የእናታችንን ከል ከል አድርጌ መለስኩላት፤ ጥልፉን አጠፋሁ። ፊቷን፣ የአጎታችንን ካኪ፣ የኋላውን መጋረጃ ብቻ ቀለም ሰጠሁ። በሁለተኛው ግን እንደታዘዘው አደረግሁ። የገብስ ቡቃያውን አረንጓዴ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ትእዛዝ በምጣድ ቁራጭ አብቅላው የነበረ ገብስ ነበር፤ እሱን አምጥቼ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀምጬ፣ እስኪመሳሰል ድረስ ስጨምርና ስቀንስ ዋልኩ። ከዚያ ጋሽ ጥላዬን በባጃጅ ይዤ፣ መዝገቡን በብብቴ አድርጌ ቤት ገባሁ።

እናታችን ጋሽ ጥላዬን ስታይ ከመደቡ ተነሣች። እሳቸው ሳይቀመጡ ይቅርታ ጠየቋት፤ «የወንድምሽን አደራ አርባ ዘጠኝ ዓመት በልቼብሻለሁ» አሏት። ምን አደራ ብትል እኔ መዝገቡን ከፍቼ አነበብኩላት። አስደገመችኝ። ሦስተኛ አስነበበችኝ። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ፊደሏን ከየት አምጥታው እንደሆነ እንጃ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ራሷ አነበበችው። «የገብስ ቡቃያ» የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቀች። ሳቀች ስልሽ፣ ጥርሷ እስኪታይ። «አዪ አንዱአምላክ! የገብስ አረም ሲባል ሆዴን አመመኝ የሚል፣ ቡቃያውን እንዴት ልብ አለው!» አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ማሬም ተጠርታ መጣች፤ ሁለቱ እህትማማቾች ፎቶውን በመሃል አድርገው ለወንድማቸው ያላለቀሱትን የአርባ ዘጠኝ ዓመት ለቅሶ አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ እናታችን ነጠላዋን አስተካከለችና «እኔ ጥቁር ሆነሽ ጠብቂኝ ያለኝ መስሎኝ ነበር። እሱስ ጥቁር አላለኝም» አለች።

ጥቁሩንም አረንጓዴውንም ጎን ለጎን ከመደቡ ራስጌ አቁማቸዋለች። ጨርቁን ከላያቸው አንሥታዋለች። የእኔን ሰማያዊውን ግን ምን እንዳደረገችው አልጠየቅሁም። መስከረም እንደምትለው ከሆነ ከሊጥ ዕቃው ላይ ክዳን ሆኗል። ይገባኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ያንቺው ጉዳይ ነው እታለም። ባለፈው እሑድ እናታችን አጠገቧ አስቀምጣኝ እንዲህ ብላሻለች በላት አለችኝ፤ ቃሏን ሳልቀንስ ሳልጨምር እጽፈዋለሁ፦ «ፋሲካን በከል አልውልም። መንገዱ ከበጀ ትምጣ። ካልበጀ ጨርቁን ትላከው፤ እለብሰዋለሁ። እኔን ብላ ክፉ መንገድ እንዳትወጣ። አረንጓዴውን ወንድሜ መርጦልኛል፤ የእሷን ቀለም እሷ ትምረጥልኝ።» ስለዚህ ከእንግዲህ እናቴን ጥቁር ያለበስኳት እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ በልብሽ እንዳይቀመጥ። ፈታሻለች። ጨርቅ ብትልኪም ትለብሰዋለች። እኔ ግን ወንድምሽ ነኝና እሷ ያላለችውን ልጨምር። ብትመጪ ይሻላል። ከባሕር ዳር ተቀብዬ የማመጣሽ እኔ ነኝ፤ የሐሙሲቱን መንገድ ደህና ቀን ጠይቄ፣ ፀሐይ ሳለ።

ከሦስቱ ፎቶዎች ሁለቱን አሁን አወቅሻቸው። ሦስተኛውን ባለፈው ሰኞ እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ እናታችን ናት፣ በከሏ። ከእንግዲህ ነጠላ ልትከናነብልሽ አትፈልግም። ጋሽ ጥላዬም በዚያ ሰማያዊ መዝገብ ላይ አዲስ መስመር ክፈትላት ብለውኝ በእጄ ጽፌያለሁ። «ፈንታነሽ። ከል ናት፤ አይቀለምም። ከሏን ስታወጣ ቀሚሷ» ብዬ የቀለሙን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

በሉ እንግዲህ ሰላምታ ይድረሳችሁ። ትእዛዝ ከነሙሉ ቤተሰብሽ ሰላም ትልሻለች፤ ሽሮውን በሚቀጥለው መንገደኛ እልካለሁ ብላለች፤ እንዳትረሳ አስታውሳታለሁ። መስከረም ለጽጌ አንድ ጥርሷን በወረቀት ጠቅልላ ልትልክ ነበር፣ ከለከልናት፤ ስትገናኙ ትሰጣታለች። አክስታችን ማሬ የሐሙሲቱን ነጭ ቀሚስ ለራሷ እንደለበሰችው፣ እንዳትቀየሚያትም ንገራት ብላኛለች። ጋሽ ጥላዬ በሩቁ መርቀውሻል። ሙሉሰውን ስኳርህን ተለካ በዪልኝ።

እናታችን በሰላምታ ፋንታ የላከችልሽ በፖስታው ጥግ በወረቀት የተጠቀለለው ክር ነው። ጨርቁን ስትገዢ እንዳትሳሳቺ ማሬ ልትለካት ስትል ቤት ውስጥ ሜትር ታጣ፤ እናታችን «ቆዪ» አለችና ከከሏ ጠርዝ ላይ አንድ ጥቁር ክር መዝዛ ሰጠቻት። ከክሩ ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ያለው ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ ያለው የወገቧ ዙሪያ ነው። ከስታለች እታለም፣ ቋጠሮውን ስታዪው እንዳትደነግጪ። ሁለቱንም የቋጠረችው እሷ ራሷ ናት።

ወንድምሽ ይሻው ይርጋ
ደብረ ታቦር
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.